ልዩ ልዩ ወጪ

ሰኞ ሦስት ሰዓት፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣
ከመለዋወጫው ሱቅ በላይ፣ ከጠባቧ ቢሮ፣
ጦሳን ጉም ውጦታል፣ ጠፍቷል ተሰውሮ።
መስኮቱ ነጭ ሉክ ነው፤ እኔም ፊት ለፊቴ ነጭ ሉክ ዘርግቼ፣
ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፣ የሰው ቃል አጥቤ፣ አስጥቼ፣
ጭቅጭቁን «ውይይት»፣
ዝምታን «ስምምነት»
እያልሁ የምጽፍ።

አጀንዳ ቁጥር አንድ፦ የመጪው ሦስት ዓመት።
የለጋሹ ውል ሰኔ ላይ ያበቃል፤
ከዚያ ወዲያ ያለው የኛ ነው፦ ባዶ ካዝና፣ ሙሉ መዝገብ፣
ማየትም መስማትም የተሳናቸው ሠላሳ አንድ ሰዎች፣
በአቶ አራጋው ሰንጠረዥ ሠላሳ አንድ መስመሮች።

አቶ አራጋው ደግ ናቸው፣ እመሰክራለሁ፤
ሁለት ወር ደሞዛቸውን ሳይወስዱ ከርመው ነው
ቀዩን እስክሪብቶ ያነሡት።
«ሥልጠናው ይቆያል። ኪራዩ አይነካም። አስተርጓሚ አንድ ይበቃል።
ተራ ቁጥር አሥራ አራት፣ ልዩ ልዩ ወጪ...
ምንድነው ይኼ ደግሞ? የመኪና? ይሰረዛል።»

ጦይባ ከጥጉ ወንበር መዳፏን ዘርግታለች፣
እንድሪስ የተባለውን በጣቱ ይጽፍላታል፤
ስብሰባው እሷ ጋ ዘግይቶ ይደርሳል፣
እኛ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ስንስቅ
እሷ ገና ሁለተኛው ላይ ትቆጣለች።
ለሻይ ልንነሣ ስንል እጇ ተነሣ።
ድምፅዋ የአሥር ዓመት ልጅ ድምፅ ነው፣ እዚያው የቆመ፤
ከዚያ ወዲህ ሰምታው አታውቅም።

«ሐረጎን ታውቁታላችሁ?
እኔ የማውቀው በጥምዙ ነው፤ ወደ ግራ ስጣል፣ ወደ ቀኝ ስጣል፣
ዘጠኝ ስቆጥር ጆሮዬ ይደፈናል፣
ለሌላ ባይሆን ለዚህ ይሠራል፤
ብርዱ ትከሻዬን ይለቃል፣ ፀሐይ ጉልበቴ ላይ ትቀመጣለች፣
በቃ፣ ኮምቦልቻ መጣች።
በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቅዳሜ፣ ጋሽ ሙህዬ ዘንድ ነው።

«መስመር ሃያ ስድስት ናቸው፣ እናንተ ስትጠሯቸው።
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ስምንት ዓመት፤
ጆሯቸውን ማሽኑ፣ ዓይናቸውን ስኳሩ ወሰደው።
ሚስታቸው መዳፋቸው ላይ ትጽፍ ነበር፣
በመሠረተ ትምህርት ፊደል፣ ዝግ ብላ፣ አንዳንዴም ተሳስታ፤
እሷ ካለፈች ወዲህ
እጃቸው እንግዳ ሳያይ የከረመ ቤት ነው።

«እኔ ‹ልብዎ እንዴት ነው?› ብዬ እጽፋለሁ፣
እሳቸው ‹ስቤ? ከየት መጥቶ!› ብለው መልሰው ይጽፋሉ፤
ል እና ስ መዳፍ ላይ ወንድማማች ናቸው።
ሲስቁ አግዳሚው ወንበር ይንቀጠቀጣል፣
ሳቃቸው በእንጨቱ ተጉዞ እኔ ዘንድ ይደርሳል።
ተራ ቁጥር አሥራ አራት ይኼ ነው።
እናንተ ‹ሥነ ልቦናዊ ድጋፍ› የምትሉትን ግን
እንድሪስን ሦስቴ ጠየቅሁት፣
እሱም አያውቀውም።»

ዝም ተባለ።
«ስምምነት» ልል ነበር፤ እስክሪብቶዬ እምቢ አለ።
አቶ አራጋው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አጠለቁ፤
«እውነትሽን ነው ልጄ፤ ግን ገንዘቡ የለም።»
እንድሪስ «የ»ን ጻፈ፣ «ለ»ን ጻፈ፣
«ም» ላይ ሳይደርስ
ጦይባ መዳፏን ዘጋች።

መዝገቡ ላይ ያለው ሰባት ቃል ነው፦
«ተራ ቁጥር አሥራ አራት ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።»

ቅዳሜ እንድሪስ ሠርግ ነበረበት።
ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር፣ ከጦይባ ጎን ተጣብቄ፣
ዓይኔን ጨፍኜ ጥምዝ እቆጥር ጀመር፣ ከሐረጎ አፋፍ፤
አምስት ላይ ጠፋብኝ።
መዳፌን ስባ «ሰባት» ብላ ጻፈችበት።
«ለባት» ብዬ አነበብሁት፤
ጸሐፊ ነኝ እኮ እኔ።